ኬላው ላይ የተናገርኩት

«ከመኪና መውረድ ክልክል ነው!» ይላል ፖሊሱ በድምፅ ማጉያው። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ ነበር፤ እግሬን ሰብስቤ ተመልሼ እገባለሁ።

መውረድ የፈለግኩት በጆሮው ላንሾካሽክለት ነው። ከኋላ የተቀመጠችው አክስቴ መስማት የሌለባት ነገር አለ። እናቴ፣ ማለትም የእሷ ታላቅ እህት፣ ትናንት ሞታለች። አክስቴ ግን የምታውቀው «ትንሽ አሟታል፣ ልያት ብላለች» ያልኳትን ብቻ ነው። ወንድሜ በስልክ አስጠንቅቆኛል፦ «መንገድ ላይ እንዳትነግራት፣ ልቧ ደካማ ነው። እዚህ ደርሳ ከሰው መሀል ትስማ። በወረርሽኙ ምክንያት ለቀብር ከአሥር ሰው በላይ አይፈቀድም፤ የሁለታችሁን ቦታ ይዣለሁ።» ቦታ ይዣለሁ ሲል የአውቶቡስ ወንበር ነው ያስመሰለው።

ከእኛ ፊት የነበሩት መኪኖች በሙሉ እንደ መጡ ተመልሰዋል። አንደኛው ሙሽራ ነኝ ብሎ ሱፉን ሁሉ አሳየ፤ አልሆነለትም። ከከተማ ከተማ የሚያልፈው ዕቃ የጫነና የቅርብ ዘመድ የሚቀብር ብቻ ነው።

«ምን ልትለው ነው?» ትላለች አክስቴ።

«እያሰብኩ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ውሸት ቸግሮህ የሚያውቀው!»

እውነቷን ነው። መንገዱን ሙሉ ስቀደድላት ነው የመጣሁት። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አውራ ዶሮ አራት ሴት ዶሮዎች ሰብስቦ ተገኝቶ መታሰሩን፣ ጠበቃ አቁሞ በዋስ መውጣቱን፣ ሲወጣም ማስክ አድርጎ መጮህ አቅቶት ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ማርፈዱን ነግሬያታለሁ። «ወግድ!» እያለች ወንበሩን ስትደበድብ ነበር።

ፖሊሱ ረጅም ዘንግ ይዟል። አንዱን ጫፍ ደረቱ ላይ አድርጎ ሌላውን መስኮቴ ላይ ያስነካል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጋት አይጠጋም።

«ወዴት ነው?»

«ጌታዬ፣ ትንሽ ጠጋ ቢሉልኝ፣ የግል ነገር ነው…»

«የግል ብሎ ነገር የለም! ርቀትህን ጠብቀህ ጮክ በል!»

ከኋላ ጡሩምባ ይነፋል። ዘንጉ ወደ ኋላ፣ ወደመጣንበት መንገድ መዞር ይጀምራል። ከዞረ ደግሞ ወንድሜ እናታችንን በስምንት ሰው ይቀብራል።

«ለቀብር!» እላለሁ።

«የማን?»

«የእናቴ! ከኋላ ያለችው እህቷ ናት!»

መሪውን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። ዞር ብዬ አላይም። ከዚያ ከኋላዬ፦

«እህቴን!»

ልቧ፣ እላለሁ በሆዴ፣ ልቧ። እዞራለሁ። አክስቴ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ፣ ከማስኩ በላይ በአንድ ዓይኗ ትጠቅሰኛለች።

«እህቴን! ያሳደገችኝን! በጀርባዋ ያዘለችኝን! እኔን ያስቀድመኝ!» እያለች መስኮቱን ትደበድባለች። ተዋናይ ሳትሆን መቅረቷ የሚያስቆጭ ነው። እንባው ሳይቀር በሰዓቱ ደርሷል።

ፖሊሱ ማጉያውን ከአፉ ማንሳት ረስቷል። «አይዞሽ፣ እናቴ፣ አይዞሽ» ይላል፤ ሰልፉ በሙሉ ይሰማዋል። ከኋላችን ያለው ሹፌር ባርኔጣውን ያወልቃል። ፖሊሱ ዘንጉን መሬት ጥሎ የኬላውን ገመድ ራሱ ያወርድልናል። ወረቀት አሳይ እንኳ አላለኝም።

ኬላው ከኋላችን ሲጠፋ አክስቴ ማስኳን አውልቃ በሳቅ ትፈነዳለች።

«አየኸው? ዘንጉን ወረወረው እኮ!»

«አየሁት።»

«አንተ ግን አፍህ ይቆረጥ! የገዛ እናትህን? ሌላ ሰው አጣህ? ምናለ አጎትህን ብትገድል፣ እሱ እንደሆነ ማንም አያዝንለትም!»

«ቶሎ የመጣችልኝ እሷ ናት።»

«ስንደርስ ደግሞ እኔ ነኝ የምነግራት። አንተ ታበዛዋለህ። እሷ ስትስቅ ሳል ያጣድፋታል፤ ቀስ አድርጌ፣ ከሙሽራው ጀምሬ ነው የምነግራት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

አንድ ነገር ልጨምርላት አፌን እከፍታለሁ። ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ዘንጉ፣ ስለ ምንም ይሁን። አይመጣልኝም። መንገዱ ባዶ ነው፤ አንድ መኪና እንኳ አይመጣብንም።

«ሆ!» ትላለች ከኋላዬ። «ይሄ እንባ ደግሞ ምን ነካው?»

በመስታወቱ አያታለሁ። አሁንም ትስቃለች። ማስኳን አጥፋ ጉንጯን ትጠርጋለች፤ ይወርዳል፤ በሌላኛው ጎኑ ገልብጣ ትጠርጋለች፤ ይወርዳል።