ብላቴናው ደህና ነው?

ደምመላሽ የካንትሪ ዘፈን አይወድም። የከብት ጠባቂ ለቅሶ ነው ይለዋል። ያን ቀን ግን አሜሪካ፣ ኦክላንድ ወደብ ላይ፣ እሱ የቆመበት የጭነት መኪናዎች ሰልፍ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ሬዲዮውን ሲነካካ አንድ የቆየ የካንትሪ መዝሙር ያዘ። ሰውየው በጊታር የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ ያንጎራጉራል፤ ልጁ የሸፈተበትን። ንጉሡ በር ላይ ተቀምጦ ከጦር ሜዳ የሚመጣውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ «ብላቴናው አቤሴሎም ደህና ነው?»

ደምመላሽ ደንግጦ ክው አለ። የአንድያ ልጁም ስም አቤሴሎም ነው። ትርጉሙ የሰላም አባት ነው ሲሉት ወዶ ያወጣለት ራሱ ነው።

ትናንት አባትና ልጅ በጸጉር ተጣልተዋል። ልጁ ጸጉሩን እንደ ራስታ አስጎንጉኖ መጣ፤ አባት ተቆጣ፤ ልጁ ወጥቶ ሄደ፤ ሳይመለስ ነጋ። ጠዋት ፔጀሩ፣ የኪስ መልእክት መቀበያው ላይ ቢደውልለትም አልመለሰም።

መዝሙሩ አላለቀም፤ ደምመላሽ ግን መጨረሻውን ያውቀዋል። ልጁ ይሞታል። ሬዲዮውን ዘጋ። ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ማርሽ ሲያስገባ ከትናንት ጀምሮ ያበጡት የቀኝ እጁ ጣቶች አመሙት።

ወርዶ ወደ ሳንቲም ስልኩ ሮጠ።

«ሙሉ፣ ልጁ መጣ? ደህና ነው?»

ሚስቱ ሙሉመቤት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቤት ና ብቻ።»

«ምን ሆኖ ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«በስልክ አይሆንም፣ ደሜ። ሰዎች አሉ። ሥራውን ካንስል አድርግና ና።»

ሐበሻ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ቤት ሰው ካለ፣ ነገሩም በስልክ የማይነገር ከሆነ፣ መርዶ ነው። ደምመላሽ የአባቱንም ሞት የሰማው እንዲሁ ነው።

ሰልፉን ጥሎ ወጣ። ፍሪዌዩን እያለቀሰ ነዳው። «ጸጉሩን ያሳድገው! መሬት ይድረስለት! ብቻ በሕይወት አቆይልኝ» እያለ ፈጣሪውን ለመነ። ሌክ ሜሪት ዳር ያለው አፓርታማቸው በር ላይ የፖሊስ መኪና ቆሟል። ደረጃውን በእጁም በእግሩም ወጣው።

ሙሉመቤት ከፈተችለት። ፊቱን ማየት አልቻለችም።

«ልጄስ?» አለ።

አቤሴሎም ሶፋው ላይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጧል። ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። ደምመላሽ «ተመስገን!» ብሎ ሊያቅፈው ተንደረደረ።

አንደኛው ፖሊስ መንገዱን ዘጋበትና ወደ ልጁ ዞሮ፣ «የመታህ ማነው?» አለው።

አቤሴሎም ወደ አባቱ እያመለከተ እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ መለሰ፤ «እሱ ነው።»