ዘጠኙ ጉድጓዶች

ገማቿ ሁለት ቀን ተጉዛ የመጣችው፣ ኩባንያው ኒኬል አገኘሁበት ያለውን ኮረብታ አይታ አክሲዮኑ ስንት እንደሚያወጣ ለመናገር ነበር። ኩባንያው ሌላ ሀብት የለውም። ያለው ኮረብታው ላይ ተራርቀው ከተቆፈሩ ዘጠኝ ጉድጓዶች ወጣ የተባለ ድንጋይ ብቻ ነው፤ መሰርሰሪያው ከእያንዳንዱ ጉድጓድ እንደ አንድ ረጅም ዱላ አውጥቶት፣ ተሰባብሮ በየሳጥኑ የተቀመጠ። በዘጠኙም ኒኬል ከተገኘ ኮረብታው በሙሉ ኒኬል ነው ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ግን ፋታ ነሳት። «እህቴ፣ ሽያጩ ነገ ይጀመራል፤ አንድ ቁጥር ጻፊና ገላግዪኝ!» ይላታል በስልክ፣ ለአምስተኛ ጊዜ።

በዚህ ላይ ዘበኛው ጋሽ ገመቹ መጋዘኑ ውስጥ ሳጥኖቹን ሲያወርዱላት መደርደሪያው ተገነደሰ። የዘጠኙም ሳጥን ድንጋይ መሬት ላይ ተዘርግፎ ተደበላለቀ።

«ምን ጉድ አመጡብኝ ጋሼ! አሁን የቱ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ በምን ልለየው?»

ሽማግሌው ተንበርክከው ድንጋዩን ይለቅሙ ጀመር። እሷ ደብተሯን ወርውራ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን በላይዋ ላይ ጠረቀመችው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መስኮቱን አንኳኩ። «ነይ ልጄ፣ በቁጣ አትሂጂብኝ። አስተካክዬዋለሁ።»

ድንጋዩን ስብራት ከስብራት እያገጣጠሙ ከመጋዘኑ በር እስከ አጥሩ ድረስ በአንድ መስመር ዘርግተውታል። ጎንበስ ብላ መጋጠሚያዎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ክፍተት የሚባል የለም።

«እንደ ድሮው ዘጠኝ ቦታ ልከፍለው ነበር» አሉ ጋሽ ገመቹ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «እምቢ አለኝ እንጂ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዱላ ሆኖ ገጠመ።»