በሪዜ እምላለሁ

የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ሊኑክስ ወደሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ይቀየሩ ወይስ ይቅር የሚለው ስብሰባ ገና ሳይከፈት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ብድግ አለ። የእሱን ሪዝ የሚያህል ሪዝ በአገሩ የለም። ሲያስነጥስ የሦስት ቢሮ ወረቀት ይበተናል ይባላል፤ የሚለውም እሱው ራሱ ነው።

«እኔ ዊንዶውስን ሃያ ዓመት እንደ ፈረስ ጋልቤዋለሁ!» አለ። «ቫይረስ እንኳ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ከእረፍት ስመለስ አንድ ጊዜ ብቆጣት፣ ኮምፒውተሬ ይኸው እንደ ጥይት ትተኮሳለች። በሊኑክስ አንዲት ፊደል ከጻፍኩ ይህ ሪዝ ይላጭ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«መሐላ ነው ጋሼ?» አለች የኮምፒውተር ባለሙያዋ ትርሲት።

«መሐላ ነው! ተቃውሞዬንም በአሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ትናንት አስገብቻለሁ። አንብቢና አልቅሺ!»

«አንብቤዋለሁ፤ ግሩም ነው። በምን ጻፉት?»

«በራሴ ኮምፒውተር ነዋ! ታዲያ በማን ልጻፍ?»

ትርሲት ሥራ አስኪያጁን አየት አደረገቻቸው። እሳቸውም ንገሪው የሚል ምልክት ሰጧት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ባለፈው ወር እርስዎ እረፍት ላይ ሳሉ የእርስዎን ኮምፒውተር ለሙከራ ወደ ሊኑክስ ቀይሬዋለሁ። እንዳይደናገሩ ብዬ የለመዱትን የዊንዶውስ አረንጓዴ ኮረብታ ሥዕል ብቻ ስክሪኑ ላይ መልሼ ለጠፍኩልዎ።»

ሰውዬው ሪዙን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ከዚያ አገጩን ቀና አደረገ።

«ምላጭ የያዘ አለ?» አለ። «ግን አሥር ይሁን፤ ይህን ሪዝ አንድ ምላጭ አይደፍረውም!»