ካቻቢቴው ለምራቲቱ

«ጣቴ፣ እንኪ» አለ አባትየው፤ ትንሿን ካቻቢቴ ዘረጋ። የዘረጋው ግን ለልጁ ሳይሆን ለምራቱ ነበር።

ልጅቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጣቴ ማለት እሷ ነበረች። አባቷ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው፤ መሬት ሲለካ ያገለገሉትን የኪስ ካልኩሌተሮች መጣል አላስችለው ብሎ፣ በዚያው፣ ሰው የጣለውን ካልኩሌተር ሁሉ መሰብሰብ ጀመረ። የእሱ ጣቶች ወፋፍራም ስለሆኑ ብሎን ለቅሞ ማውጣት፣ ከቁልፎቹ ሥር አቧራ መጥረግ፣ ባትሪ የተፋውን ዝገት መፋቅ ከልጅነቷ ጀምሮ የእሷ ድርሻ ነበር። ስሟን ትቶ ጣቴ ሲላት ነው ያሳደጋት።

«መጣሽ?» አላት ቀና ሳይል። «ጠፋሽ እኮ።»

«ሥራ በዛብኝ፣ አባዬ።»

እውነቷን ነው። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ቅዳሜንም ጨምሮባት ነበር። በቀረችባቸው ቅዳሜዎች ግን ወንበሯ ባዶውን ይጠብቀኛል ብላ ነበር እንጂ፣ የወንድሟ ሚስት ትቀመጥበታለች ብላ አላሰበችም።

ምራቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። ወደዚህ ቤት ከገባች ቢበዛ መንፈቅ ቢሆናት ነው። «እታለም፣ ነይ ተቀመጪ» ብላ ጠጋ አለችላት። ልጅቱ «ደህና ነኝ» ብላ እንደቆመች ቀረች። ከገዛ ወንበሯ ላይ ግማሹ ተቆርሶ ተሰጣት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስታይ ደግሞ ደሟ ፈላ። ቀይ አኃዝ የምታበራዋ ጥቁሯ የሒሳብ ማሽን ነበረች፤ አባቷ በወጣትነቱ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛት። እሷ ልክፈታት ባለች ቁጥር «ይቺ አትነካም» ይላት ነበር። ምራቲቱ ግን ይኸው በጀርባዋ ገልብጣ የመጀመሪያውን ብሎን እያዞረች ነው።

«ባትሪ ተፍቶባት ነው» አለ አባትየው፣ ሰበብ እንደሚያቀርብ ሰው። «ዛሬ ካልተከፈተች ተበልታ ታልቃለች። የእኔ እጅ እንደሆነ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።»

እኔ አለሁ አይደል ወይ ልትል ፈለገች። «ጥሩ ነው» አለች።

ምራቲቱ ብሎኖቹን እያወጣች ትንሽ ሳህን ላይ ደረደረቻቸው። መርፌ የለመደ እጅ ስለሆነ አይቸኩልም፣ አይስትም። አባትየው አንገቱን አስግጎ «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። ያ ቃል ለስንት ዓመት ለልጁ ብቻ ሲባል የኖረ ቃል ነው። የምራቲቱ ሥራ እንከን አይወጣለትም። አንድ ብሎን እንኳ ብትጥል ምን ነበረበት?

«ኮምጣጤና ጥጥ ላምጣ» ብሎ አባትየው ወደ ኩሽና ሄደ። ሁለቱ ቀሩ።

ክዳኑ ላላ። ልጅቱ የዚችን ማሽን ታናናሾች ስትከፍት ኖራለች፤ ክዳኑን ከውስጡ ጋር የሚያያይዙ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ሽቦዎች በግራ በኩል እንዳሉ ታውቃለች። ክዳኑ እንደ መጽሐፍ በጎን ነው የሚገለጠው። ወደ ላይ ከተነሣ ይበጠሳሉ።

«እታለም፣ እንዲሁ ይነሣል?» አለች ምራቲቱ፣ ጣቶቿን ክዳኑ ላይ እንዳደረገች።

ልጅቱ የክዳኑን ግራ ጎን አየች። «ይነሣል» አለች።

ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ምራቲቱ በአንድ እጇ ክዳኑን፣ በሌላው ማሽኗን ይዛ ደርቃ ቀረች። ሽቦዎቹ ተንጠልጥለዋል። ልጅቱ ደስ እስኪላት ጠበቀች። ደስታው አልመጣም።

አባትየው ጠርሙሱን ይዞ ገባ። አየ።

«አባባ፣ አበላሸሁብዎት» አለች ምራቲቱ። «እታለምን ሳልጠይቅ ቸኩዬ አነሣሁት።»

ልጅቱ ቀና አለች። ምራቲቱ ወደ እሷ አልዞረችም። ወንበሯን፣ ስሟን፣ ማሽኗን መውሰዷ አንሶ፣ አሁን ጥፋቷንም ወሰደችባት።

«አልጠየቅሻትም?» አለ አባትየው።

«አልጠየቅኋትም።»

አባትየው ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ይሄ ቤት ጠባብ ነው» አለ ወደ ልጁ እያየ። «ኩሽና ሆኖ ሁሉ ይሰማል።»

ሌላ አልጨመረም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«በሉ፣ ተበይዶ የማይድን አይደለም» አለ። ወደ ልጁ ዞሮ፣ «አንቺ መበየጃውን ሰኪ።» ወደ ምራቱ ዞሮ፣ «አንቺ ደግሞ ሽቦውን በወረንጦ ያዥላት።»

ልጅቱ ቦርሳዋን አወረደች። በአንዲቷ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀመጡና ግንባራቸው ሊጋጭ እስኪደርስ አጎነበሱ። ልጅቱ አረንጓዴውን ዝገት ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጠረገች፤ የጋለውን ብረት አስጠጋች፤ ሽቦዎቹ ያዙ። የምራቲቱ ወረንጦ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። ልጅቱ ይህንንም ጠላችው።

አዲስ ባትሪ ገባ። «ስምንት ደርድሩባት» አለ አባትየው። የአኃዙ ጭረቶች በሙሉ የሚበሩት በስምንት ነውና፣ የሞተ ጭረት ካለ በዚያ ይታወቃል።

የሁለቱም እጅ እኩል ወደ ቁልፉ ሄደ። ምራቲቱ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች። ልጅቱ አልመለሰችም፤ ተጫነች፣ ደግማ ተጫነች፣ የማሽኗ መስኮት ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪሞላ።

ስምንቶቹ አንድም ጭረት ሳይጎድልባቸው ቀይ ሆነው በሩ። ልጅቱ «አባዬ፣ እያት» ብላ ቀና አለች።

አባትየው ማሽኗን አላየም። ምራቱ ጭኗ ላይ ያኖረችውን እጅ ነበር የሚያየው።