የጠያቂ ቁጥር ሰባት ቅጽ

«ይቺን ሴትዮ ባገኛት አቅፌ ነበር የምስማት፣ ጋሼ!» ትላለች ተመራማሪዋ፣ ቅጽ ቁጥር 318ን ከካርቶኑ መዝዛ ጠረጴዛዬ ላይ እየዘረጋች።

ማህተም የያዘው እጄ አየር ላይ ይቀራል። ጽሑፉ የእኔ ነው። ያኔ እንደዚህ ያጋደለ ነበር፣ የሚሮጥ ሰው ይመስል።

እዚህ ማኅደር ቤት የድሮ የገበያ ጥናቶችን እናስቀምጣለን፤ ሰው በምን ሳሙና ያጥብ፣ የትኛውን ሬዲዮ ጣቢያ ይከፍት እንደነበር። አጥኚው ድርጅት ሲዘጋ ካርቶኖቹን ለእኛ አስረከበ። ስምና አድራሻ በጥቁር ቀለም እንሰርዛለን፣ ስካን እናደርጋለን፣ ማብራሪያ እንጽፋለን፤ ከዚያ እኔ ማህተም ስመታ ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ይሄኛው፣ እሷ እስካሁን በልዩ ፈቃድ ስታጠናው የቆየችው ጥናት፣ ዛሬ ለሁሉም ይከፈታል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ጸጉሬ ጥሎኝ ሳይሄድ፣ ለዚያው ድርጅት ቤት ለቤት እየዞርኩ እጠይቅ ነበር። ይህን እሷ አታውቅም። ቅጹ ላይ ያለው «ጠያቂ ቁጥር 7» ብቻ ነው።

«እስቲ ይዩልኝ! አርባ ሁለት ጥያቄ፣ አንዱንም ‹አላስታውስም› አላለችም። ሬዲዮ የምትሰማው ልብስ ስትሰፋ ነው። ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን ትቀንሳለች። ሳሙናውን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ከልጆቿ ትደብቃለች። የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት እንዳለ የሷ ነው።»

እውነተኛ ሰው ሲጠየቅ ይሰለቻል፤ ድስቱ ያርርበታል፤ «እኔ እንጃ፣ አንተው ያልከውን ጻፍ» ይላል። እንዲህ አሟልቶ የሚመልስ ሰው ያለው ጠያቂው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ዛሬ ይህንን ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔው ነኝ፣ ያውም ኮራ ብዬ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ድርጅቱ የለም፣ አለቃዬም አፈር ከለበሰ ቆየ። ማህተሙን አንዴ መምታት ነው።

«ስንት ጊዜ ለፋሽበት?» እላታለሁ።

«ሦስት ዓመት። ባሌ ‹ከእናቴ ይልቅ ሴትዮዋን ነው የምታውቂያት› እያለ ያሾፍብኛል።» ትስቃለች። እኔ መሳቅ ያቅተኛል።

«ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«ምነው፣ በደህና?»

«ጠያቂ ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ።»

ፊቷ ቦግ ብሎ ይበራል። «አይቀልዱ! አይተዋታል ማለት ነው? ምን ትመስል ነበር?»

ይህን አልጠበቅኩም። ተቆጥታ ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ።

«አላየኋትም» እላለሁ። «የቀኑ የመጨረሻ ቤት ነበር። ኳስ ጨዋታ ሊያመልጠኝ ሆነ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እኔው ሞላሁት። ልብስ ስፌቱም፣ ሳሙናውም ከራሴ ነው። በሩን አላንኳኳሁም።»

አሁን ትቀመጣለች። ቅጹን ታገላብጠዋለች፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ትቆያለች፣ ሳሙናው ያለበት ላይ። አትሳደብም፣ አታለቅስም። ይቅርታ ልላት አፌን እከፍትና አፍራለሁ፤ ለሦስት ዓመት ልፋት ይቅርታ ምን ይሠራል?

ማብራሪያውን ወደ እኔ ስቤ እጽፋለሁ፦ «ቅጽ 318 በጠያቂው የተፈጠረ ነው። ከጥናት ይውጣ።» ከስሩ ስሜን እስከ አያቴ እጽፋለሁ። እዚህ ቤት ስም መሰረዝ እንጂ መጻፍ አልለመድኩም።

«ቤቱስ?» ትላለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ሰው ነበረበት?»

መዋሸት እችላለሁ። ባዶ ነበር ብላት ለሁለታችንም ይቀለን ነበር።

«ነበረበት። ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር።»

እስክሪብቶዋን ታነሳለች። አስባበት አይመስለኝም፤ የሙያ ነገር ሆኖባት ነው።

«ምን ፕሮግራም?»

ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰማያዊ በር ነው፣ ታችኛው ጥግ ላይ ቀለሙ የተላጠ። ከውስጥ ሬዲዮው አንድ ነገር ይናገራል፤ አንዲት ሴት ትስቃለች፣ ከልቧ፣ ትን እስኪላት። እኔ ግን ቅጹን ብብቴ ስር ሸጉጬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ እወርዳለሁ።