ሲጥ ሲጥ የሚለው አልጋ

«ይሄ አልጋ የማን ነው?» አለች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ ጫፉ ላይ አረፍ እያለች። መልሱ ጠፍቷት አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ዳገት ቁልቁለቱን ስትል ውላ እግሯ ስለዛለ ቁጭ ማለት ነበረባት።

«የእሷ ነው» አለች ታላቂቱ፣ ታናሽ እህቷን በአገጯ እየጠቆመች። እናታቸው ካረፈች ወዲህ እናትም አባትም ሆና የምታሳድጋት እሷ ናት። ራሷም ገና ልጅ ናት።

መመሪያው የራሱ አልጋ የሌለው ልጅ ወደ ማሳደጊያ ይወሰዳል ይላል። ሠራተኛዋ በየስብሰባው «ታዲያ አልጋ ለምን አንገዛላቸውም?» ብላ አፏ እስኪደርቅ ጠይቃለች። ለአልጋ የተያዘ በጀት የለም፤ ለማሳደጊያ ግን አለ። አሁን አሁን መጠየቁንም ትታዋለች። ታክቷታል።

አልጋው ሰማያዊ የብረት አልጋ ነው። ራስጌው ላይ አንዲት ወፍ በጥፍር ቀለም ተሥላለች፤ አንድ ክንፏ ተፍቋል። ባለፈው ሳምንት ይህችኑ ወፍ ታች መንደር፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አሮጊት ቤት አይታታለች። ከዚያ በፊት ደግሞ ልብስ ሰፊው ቤት። ወፊቱ ከሠራተኛዋ እኩል ሰፈሩን ትዞራለች።

«ይመችሻል?» አለቻት ትንሿን።

«ሲጥ ሲጥ ይላል» አለች ልጅቷ ምንም ሳትደብቅ። «የታችኛዋ እማማ ቤት ስንዘልበት ግን እንዲህ አይልም ነበር።»

የታላቂቱ ፊት አመድ መሰለ። ለእንግዳዋ ያመጣችውን የውሃ ብርጭቆ እንደ ያዘች ጠጋ አለች። «እትዬ፣ በእናትዎ አይውሰዱብኝ። ፍራሽ ላይ አብረን ነው የምንተኛው። ብቻዋን እንቅልፍም አይወስዳት።»

ሠራተኛዋ ትንሿን አየቻት። ፀጉሯ በሥርዓት ተጎንጉኗል፣ ጥፍሯ ተቆርጧል፣ ደብተሯ በጋዜጣ ተለብዷል። ይሄን የሚጠይቅ መመሪያ የለም። አውቃ ብታልፍና አለቃዋ ቢሰማ ከሥራ ያስባርራታል።

«ምን አለች? አልሰማኋትም» አለችና ብርጭቆውን ተቀበለቻት። ከዚያ «አልጋ አለ» ብላ ጻፈች።

ታላቂቱ እፎይ ብላ ሳትጨርስ ደጅ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በበሩ ስንጥቅ ሁለት ወንዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመው ይታያሉ። የአንደኛው ሱሪ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው።

«ከዚህ ወዴት ነው የሚሄዱት እትዬ?» አለች ታላቂቱ ቀስ ብላ።

«ላይ፣ ግንበኛው ቤት። የሟች ወንድሙን ልጅ ነው የሚያሳድገው።»

ሁለቱም ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ሁለቱም ሌላ ቦታ አዩ።

ሠራተኛዋ እንደ ምንም ብላ ተነሣች። «ሽንት ቤቱን ማየት አለብኝ። ጓሮ ነው አይደል? እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ሳይ ጊዜ እወስዳለሁ።»

ጓሮ ወጥታ የዛገውን የቆርቆሮ በር ይዛ ቆመች። የሚታይ ነገር አልነበረም። ውሃዋን ቀስ እያለች ተጎነጨች። ከኋላዋ፣ በጠባቡ መንገድ ሽቅብ፣ ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ እየራቀ ሄደ። እስኪጠፋ ድረስ አልዞረችም።