በባሕር ጃርቱ እሾህ መካከል

ባሕሩ ሕይወት እስከማያኖር ድረስ ከሞቀ ወዲህ፣ በአሰብ ያለ ቤተሰብ ሁሉ የባሕር ፍጡራንን በቤቱ ያኖራል። ለመዲና የደረሳት አንድ የባሕር ጃርትና በእሾሁ መካከል የምትኖር፣ ጥፍር የምታህል ሽሪምፕ የምትባል የባሕር ፍጡር ነበሩ። መንግሥት ማቀዝቀዣ የሚፈቅደው ፍጡራኑ ለሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ልባቸውን የሚያማቸው አባቷ ዑትባን፣ ፍራሻቸውን ከገንዳው አስጠግተው ጀርባቸውን ለቀዝቃዛው መስታወት ሰጥተው ይውላሉ።

አንድ ማለዳ ጃርቱ ሞቶ፣ እሾሁም ረግፎ አገኙት። ሽሪምፗ በወደቀው እሾህ መሀል ትንከራተት ነበር።

«ለገንዳ ተቆጣጣሪዎቹ ደውዪላቸው» አሉ ዑትባን።

«ገንዳው ባዶ ከሆነ እኮ ማቀዝቀዣውን ይወስዱታል፣ አባ።»

«አውቃለሁ። ሽሪምፗ ግን ያለ መጠጊያ ሁለት ቀን አትቆይም። ባሕር ጠላቂ ሳለሁ እንደሷ ያሉትን በየድንጋዩ ሥር አያቸው ነበር። አሁን ስንት ቀሩ?»

 መዲና እስከ ቀትር ስልኩን ይዛ ተቀመጠች፤ ከዚያ ደወለች።

ሁለት ሠራተኞች የሌላ ቤተሰብ ጃርት በባልዲ ይዘው መጡ። ሽሪምፗን በማንኪያ አንስተው ባልዲው ውስጥ ጨመሯት።

«ገባች?» አሉ ዑትባን ከተኙበት።

መዲና ባልዲው ላይ አጎነበሰች። «ገባች አባ። እሾሁ ውስጥ ተሸሸገች።»

«እሰይ!»

ሠራተኞቹ ማቀዝቀዣውን ነቅለው፣ ባልዲውንም ይዘው ሄዱ። አመሻሹ ላይ ዑትባን ትንፋሽ እያጠራቸው አሁንም ገንዳውን ተደግፈው ነበር። መዲና እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ሞቋል።

«ገና ቀዝቃዛ ነው» አሏት አባቷ። «አታልቅሺ።»